ወርቅ ሊማር ሄዶ ወረቀት ይዞ ተመለሰ

ጠጋ ጠጋ በሉማ! አጅሬ ወርቅ ሠሪ ሆኛለሁ እያለ ነው። መቼ ተማርክ? ቅዳሜ ጀመረ፣ ሰኞ ጨረሰ። ሦስት ቀን! ዶሮ እንኳን እንቁላሏን 21 ቀን ትታቀፋለች። እሱ በሦስተኛው ቀን ተፈልፍሎ አውራ ዶሮ ነኝ አለ። ሰርተፊኬቱንም ግድግዳ ላይ ሰቀለ። መስቀል ተማርኩ ያለን ለካ ይህንን ነው!

«ኮርስ ሁሉ አንድ ነው፤ ዋናው ወረቀቱ ነው» ትላለህ አሉ። ወርቅና ወረቀት አፍ ላይ ይቀራረባሉ። እሳት ውስጥ ስትከታቸው ግን አንዱ ይነጥራል፣ ሌላው ይነዳል። በል አንተም ና፣ ወደ እሳቱ!

«የሚማሩበት ቤት እኮ ያምራል፤ ሶፋ አለው፣ ማኪያቶ በነፃ ነው!» የማኪያቶ አረፋ ልትበይድ ነው? ሶፋውን ተወውና መሥሪያ ጠረጴዛውን ቁጠር። ሃያ ተማሪ በአንድ የጋዝ እሳት ከሆነ የተማርከው ሙያ ሳይሆን ሰልፍ ነው። ሰልፍ ከሆነ ታክሲ ተራ በነፃ ያስተምሩሃል! ለእያንዳንዱ ተማሪ መጋዝ አለ? ሞረድ አለ? መዶሻ አለ? ጭሱስ መውጫ አለው? መነጽር ይሰጣሉ? መነጽር ስልህ የፀሐይ መስሎህ ለሴልፊ አትዘጋጅ። የተሰበረ የመጋዝ ምላጭ ሲፈናጠር ዓይንህን ካሜራ ነው ብሎ አይምርም።

«እኔ መዳብ አልነካም፤ ቀጥታ በወርቅ ነው የምጀምረው!» ሀ ሁ ሳትል ዳዊት ልትደግም? መዳብ ብታበላሽ አንተ ትስቃለህ። የሰው ወርቅ ብታበላሽ ባለቤቱ ይከስሃል። መዳብ ሲቀጠቀጥ ይደነድናል። አግለህ ስታበርደው ይለሰልሳል። ደንድኖ ሳለ ሳታግል ብትደበድበው ይሰነጠቃል። ብርም ወርቅም ይኸው ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ደህና መምህር መዳብ ያስይዝሃል፦ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ ሞርደህ አስተካክል፣ አግለህ አለስልስ፣ ከዚያ በይድ። በመጀመሪያው ቀን ከአልማዝ ጋር አገናኝሃለሁ ካለህ ግን ንቃ። አልማዝ ክፍያ የምትቀበለው ልጅ ናት!

«ካራት አሳምሬ አውቃለሁ!» ካሮት ነው የምታውቀው። 18 ካራት ማለት ከ24 እጁ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ማዕድን ነው። ባለፈው «ይህ 925 ብር ነው» ቢሉት አጅሬ ኪሱን ዳበሰ። ዋጋው መሰለው! ከ1000 እጁ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር በ962፣ ንጹሕ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እነዚህን ቁጥሮች ያልነገረህ ኮርስ የነገረህ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የባንክ ሒሳቡን!

«ብየዳማ ምን አላት፤ እሳት መልቀቅ ነው!» ለዚህ ነዋ ቀለበት ብለህ ጀምረህ ጥይት ያወጣኸው! ስማ፤ መበየጃ የሚሮጠው ወደ ሙቀት ነው። ነበልባሉን መበየጃው ላይ ብቻ ከደገንክ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። መጋጠሚያውን ብርሃን እንዳያሳልፍ አድርገህ ትገጥማለህ፣ ቦራክስ ትቀባለህ፣ ዕቃውን በሙሉ እኩል ታሞቃለህ። መጋጠሚያው ብዙ ከሆነ በከፍተኛ ሙቀት የሚቀልጠው መበየጃ ይቀድማል፣ ቶሎ የሚቀልጠው ይከተላል። ካልሆነ ሁለተኛውን ስትበይድ አንደኛው ይለቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ደግሞ የበየድከውን ላጽዳ ብለህ በብረት ጉጠት አሲድ ውስጥ ገባህና ብሩ መዳብ ለብሶ ወጣ። «ወርቅ ሆነ!» ብለህ ሰፈሩን አስጨፈርክ። ለአሲድ የመዳብ ጉጠት ነው የሚያዘው ያለህ ሰው የለም? እንግዲያው የገባኸው ብየዳ ሳይሆን ብድር ውስጥ ነው።

«ግድ የለም፤ በኦፓል አሳምረዋለሁ!» ወይኔ ኦፓሉን! ከወሎ፣ ከደላንታ መጥቶ በዚህ ሰው እጅ ይውደቅ? አስቀድሞ ድንጋዩን ተከለ፣ ከዚያ እሳት ለቀቀበት። ቀስተ ደመናው ሸሸ፣ ደመናው ቀረ። ኦፓል ውስጡ ውሃ አለው፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ድንጋይ የሚተከለው ብየዳው ካለቀ በኋላ ነው። አንተ ግን ከምረቃው በፊት ከበሮ የምትመታ ሰው ነህ!

«ዩቲዩብ እያለ መምህር ለምኔ?» ቪዲዮው ያንተን ክንድ መች ያያል? «መጋዙን ቀጥ አድርገህ ያዝ» ብሎ እጅህን መች ይመታል? ቀለበትህ ሲቀልጥብህ ማስታወቂያ ያስገባል። አንተም አምስት ሰከንድ ጠብቀህ ታልፈዋለህ። ቀለበቱን ግን አታልፈውም!

«አያቴ አንጥረኛ ነበሩ፤ በደሜ አለ!» አሁን መጣህልኝ። አያትህ 28 ግራም የምትመዝነውን፣ 1780 የተጻፈባትን ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀል አወጡባት። በሰም ቅርጽ አበጁ፣ በጭቃ ለበጡት፣ አግለው ሰሙን አስወጡት፣ በባዶው ቦታ ብሩን አፈሰሱበት። አንተ ሰሙን ትተህ ስሙን ወረስክ። እሳቸው ወናፍ ነፉ፣ አንተ ወሬ ትነፋለህ። ያውም አገር «ቀጥቃጭ» እያለ ሲሰድባቸው ሙያቸውን አልጣሉም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ባለሙያን እንጂ ባለሰርተፊኬትን አይጨምርም፤ ስለዚህ ልቀጥል!

እናንተ የከበባችሁን ግን ስሙኝ። ይህ ሙያ እጅ ይፈልጋል፣ እጅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ቀን ከሚያጣድፋችሁ ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን እያስተማረ ለወራት የሚያለማምዳችሁን ምረጡ። ጠፍቶባችሁ ስትጠይቁት አፉን የሚከፍተውን ሳይሆን መዶሻውን የሚያነሣውን ምረጡ። የተወላገደ ሥራችሁን አይቶ «ጎበዝ!» ከሚላችሁ ሽሹ፤ «እንደገና!» የሚላችሁን አትልቀቁት። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ተማሪዎቹ የሠሩትን ጌጥ አምጡ በሉ። ሲሰጧችሁ ገልብጡት! ፊቱንማ ማንም ያብሳል። ጀርባው ላይ መበየጃው ከተዝረከረከ፣ ጠርዙ ጣት ከቧጨረ፣ ቦርሳችሁን ዘግታችሁ ውጡ። ጀርባውም እንደ ፊቱ ንጹሕ ከሆነ ግን እዚያው ቆማችሁ ተመዝገቡ። እዚያ ቤት የሚቀልጠው ብሩ ነው፤ አጅሬ በተማረበት ቤት የሚቀልጠው ብራችሁ ነው!