የእድሩ 386

የእድር ዕቃ ያለ ቀይ ቀለም አያድርም። ብረት ድስቱ፣ ጭልፋው፣ የድንኳኑ ቋሚ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ስሙን ተቀብቶ ነው ወደ ሐዘን ቤት የሚወጣው። ልማዱን ከልቤ እደግፋለሁ። ቅሬታዬ ቀለሙ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ድረስ መግባቱ ላይ ነው።

የሰፈራችን እድር የአባላቱን መዝገብ ድሮ በ386 ኮምፒውተር ይይዝ ነበር። ሰሞኑን “መስራች አባል ማን ነው?” የሚል ጭቅጭቅ ተነሣና የቀድሞው ጸሐፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ማሽኑን ከዕቃ ቤት አስወጥተው ቤቴ ድረስ አስጫኑት።

“ልጄ፣ አንተ እንዲህ ያለውን ትነካካ የለ?”

ዲስኩን ነቅሎ በላፕቶፕ መክፈት ቀላል ይመስላል። የዚያ ዘመን ዲስክ ግን ከዛሬ ማገናኛ ጋር ብዙ ጊዜ አይግባባም። ቢግባባ እንኳ ፊደሉ አለ። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደሉን በገዛ ራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ አንዱ የጻፈው በሌላው ሲከፈት የዶሮ ጭረት ይሆናል። መዝገቡን የሚያነበው ያው የጻፈው ማሽን ነው፤ የግድ መነሣት አለበት።

ሳጥኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ሳየው ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ የተበየደችው ትንሽ ባትሪ ፈስሳ ዙሪያዋን አረንጓዴ አድርጋዋለች። ሥራዋ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱንና የዲስኩን ዓይነት እንዳይረሳ መጠበቅ ነበር። አሁን የመዳብ መስመሮቹን እየበላች ነው። ጋሼ ጎረቤታችንን፣ የመኪና ኤሌትሪሺያኑን፣ ጠሩት። ገና ከበሩ “ሶዳ አምጡ!” አለ። የመኪና ባትሪ አሲድ ነውና ሶዳ ያበርደዋል፤ እውነቱን ነው። ይህች ግን ኒኬል ካድሚየም ናት፤ የሚፈሳት ተቃራኒው፣ አልካሊ ነው። እሱን የሚያበርደው አቼቶ ወይም ሎሚ ነው። “ስንት ዘመን ባትሪ ስጠግን የኖርኩትን ሰውዬ!” ብሎ ተነሣብኝ። ጋሼ ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። አቼቶው አረንጓዴው ላይ ሲፍለቀለቅ “ይኸው፣ በላው!” ብለው ፈረዱልኝ፤ ኤሌትሪሺያኑ አኩርፎ ሄደ።

ታጥቦ፣ ደርቆ ሲበራ ስክሪኑ “የኪቦርድ ስሕተት፤ ለመቀጠል ኤፍ1 ይጫኑ” የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ አወጣ። ኪቦርዱ ካልሠራ ኤፍ1ን በምን እንደምጫነው የጻፈው ሰው ይንገረኝ። ደግነቱ ምክንያቱ አይጠፋም፤ ባትሪዋ የተቀመጠችው ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ ስለሆነ ቀድማ የምትበላው የእሱን መስመር ነው። ያኮረፈው ሰው ተለመነ። ስታኞና ቀጭን ሽቦ ይዞ መጣና የተበላውን መስመር ቀጠለው። ነገረኛ ነው፤ እጁ ግን የተባረከ ነው።

ኪቦርዱ ነፍስ ሲዘራ ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 1980 ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው “በ1980 እኮ ገና ድንኳን እንኳ አልገዛንም” አሉ። የፈረንጅ መሆኑን ማስረዳቱን ተውኩት።

ቀረን ዲስኩ። የዚህ ማሽን ባዮስ ዲስክን በራሱ አይለይም። ከ46 ዝግጁ ዓይነቶች አንዱን ምረጥ፣ ካልተገኘ 47ኛው ላይ ሲሊንደሩን፣ ሄዱንና ሴክተሩን ራስህ ሙላ ባይ ነው። ቁጥሮቹ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መኖር ነበረባቸው። ዲስኩን ሳገላብጠው ወረቀቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ቀለም “እድር” ተብሎበታል።

“ጋሼ፣ ሳጥኑን መቀባት አይበቃም ነበር?”

“ውስጡን ቢሰርቁትስ?”

ለዚህ ምን መልስ አለው? ትነር እንዳላፈስበት ወረቀቱንም ይዞት ይሄዳል። ከቀለሙ ጠርዝ የተረፈችው “40” ብቻ ናት፤ ጋሼም “አርባ ሜጋ ነው ብለው ነው የሸጡልን” አሉ። ከሰንጠረዡ 17ኛው ዓይነት 977 ሲሊንደር፣ 5 ሄድና 17 ሴክተር ነው፤ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ነውና ሲባዛ 42.5 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይመጣል። እሱን መረጥኩ። ዲስኩ አጉረመረመ፣ መዝገቡም በአማርኛ ተከፈተ።

ጋሼ መስራቾቹን እየቆጠሩ ሲወርዱ ኤሌትሪሺያኑም በትከሻቸው አሻግሮ ያያል። ከአባቱ ስም ትይዩ የሦስት ወር ያልተከፈለ መዋጮ ተመዝግቧል።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቶ የከረመ ማሽን ነው። እንዴት ያምኑታል?”

“ሶዳ አልነካውም” አሉ ጋሼ፣ የደረሰኝ ጥራዛቸውን ከኪሳቸው እያወጡ።