ስለ ጅቡቲ አይፎን ወገኖች፣ በተለይም ስለ ቻርጀሩ

ውድ ስልክ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምሩ ጽሑፎች ሁሉ የተጻፉት በብርድ አገር ነው። ስለ ካሜራው ያወራሉ፣ ስክሪኑን ይለካሉ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይቆጥራሉ፤ ስለ ሐምሌ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። አፕል ራሱ ለአይፎን ባወጣው መመሪያ ስልኩ የሚያገለግልበት የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት ይላል። ጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን መመሪያ የምታከብረው ሌሊት ነው። እንግዲህ ከተማዋ ከነወደቧ፣ ከነጦር ሰፈሮቿና ከነነዋሪዋ የዓመቱን ሲሶ ከመመሪያ ውጭ ሆና ታሳልፋለች ማለት ነው። ቀትር ላይ ስልኩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ የቆየ ሰው የሚያየው የልጆቹን ፎቶ ሳይሆን ቴርሞሜትር የተሣለበት ጥቁር ስክሪንና ስልኩ መጀመሪያ መብረድ እንዳለበት የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። በዚህ ምክንያት የጅቡቲ ውድ ስልክ የሚመረጠውም፣ የሚደነቀውም፣ ደህና ሆኖ የሚሠራውም ኤሲ ባለበት ሱቅ ውስጥ ነው። ከሱቁ በር ከወጣ በኋላ የሚጠበቅ ንብረት እንጂ የሚሠራበት ዕቃ አይደለም።

ይህ ጥናት የብርድ አገር ጽሑፎች የተዉትን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ነው። የጥናቱ መስክ ከምኒልክ አደባባይ ይጀምራል። አደባባዩ በመዝገብ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ይባላል፤ በዚህ ስም ታክሲ የጠራ ሰው ግን በጥናቱ ዘመን አልተገኘም። ከዚያ በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ባለው ገበያ አልፎ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች እስከሚቆሙበት እስከ ፒኬ 12 ይዘልቃል። ስልኮች በሰባት ወገን ይከፈላሉ።

ወደ ወገኖቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ሰዓት ጥቂት ማለት ግድ ነው። በሌላው ዓለም ስልክ በቀንም በማታም ያው ዋጋ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ጫት ከኢትዮጵያ በየቀኑ እኩለ ቀን ገደማ ስለሚገባ ቀኑ ለሦስት ይከፈላል፦ የማለዳ፣ የሐራራና የምርቃና። በማለዳ ሻጩ እንደማንኛውም ነጋዴ ነው፤ ያስከፍላል፣ ይቀንሳል፣ ይምላል። በሐራራ ሰዓት ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ የሚጠራው ዋጋ ወይ እጅግ ከፍ ያለ ወይ እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚታወቅበት ዘዴ የለም፤ ጥናቱ ሞክሮ ከሱቅ ተባሯል። በምርቃና ሰዓት ደግሞ ሻጩ ዋጋ አይቀንስም፤ ይልቁንም ሽርክና ያቀርባል። አንድ ስልክ ለመግዛት የገባ ሰው ማታ ሲወጣ በዱባይ፣ በድሬዳዋና በሐርጌሳ ቅርንጫፍ የሚኖረው ኩባንያ ግማሽ ባለቤት ሆኖ ነው፤ ስልኩን ግን ገና አልገዛም። እዚህ ላይ ጫቱ ከእኛ ከኢትዮጵያ እንደሚሄድ፣ ሱቁን የሚያበርደው መብራትም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ከእኛ እንደሚሄድ እያወቁ በዋጋው መከራከር ትንሽ ያናድዳል። ይህ ግን የሳይንስ ጉዳይ አይደለም።

ወገኖቹ የሚለዩት በፊደል ነው። የገበያው ሊቃውንት ስልክ ሲሰጣቸው ጀርባውን አያዩም፣ ካሜራውን አይሞክሩም፤ በቀጥታ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሞዴል ቁጥሩን ያነባሉ። መነሻ ፊደሉ ኤም ከሆነ እንደ አዲስ የተሸጠ፣ ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ፣ ፒ ከሆነ ስም ወይም ምልክት እንዲቀረጽበት ታዝዞ የተሠራ ነው። ፒ እጅግ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ሲገኝም የሌላ ሰው ስም ስላለበት ዋጋው ይወርዳል፣ የገዢውም ስም አብሮ ይጠፋል። መድረሻ ፊደሉ ደግሞ አገሩን ይናገራል፦ ኤልኤል አሜሪካ፣ ጄ ጃፓን፣ ሲኤች ቻይና።

አሜሪካዊው ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሲም ማስገቢያ የለውም። እስከ አይፎን 16 ባሉት ሞዴሎች ገዢው ከአራቱም ጎን በጥፍሩ ቀዳዳ ሲፈልግ ከታየ የያዘው አሜሪካዊ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አንዱ የፕላስቲክ ሲም ለጅቡቲ፣ አንዱ ለኢትዮጵያ ሆኖ በሁለት አገር ሚስትና አለቃ ላለው ሹፌር ይህ ስልክ ውድ መስታወት ነው። ጃፓናዊው ፎቶ ሲያነሳ ድምፅ እንዲያሰማ ሆኖ የተሠራ ነው። ወደብና የጦር ሰፈር ፎቶ ማንሳት በተከለከለበት ከተማ እንዲህ ያለ ስልክ ይዞ መዞር ከመልካም ጠባይ ይቆጠራል። ቻይናዊውና ሆንግ ኮንጉ በአብዛኛው ሁለት ሲም በአካል ስለሚቀበሉ በፒኬ 12 በኩል ክብራቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሊቃውንቱም የሆንግ ኮንጉን ፊደል ሲያነቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የዱባዩን ግን ፊደሉን የሚያየው የለም። ሻጩ ‘የዱባይ ነው’ ካለ የዱባይ ነው። ይህ ማዕረግ ዱባይን ረግጠው ለማያውቁ ስልኮችም ይሰጣል።

ታጣፊ ስልክ አቧራ አይወድም፤ ጅቡቲ አቧራ አላት፤ በዚህ ተለያዩ። የሳምሰንግ ወገን ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ ሌላ ሰው ይሥራው።

ከሁሉም ወገን የሰፋው፣ የረቀቀውና ደም የሚያፈላው የአደራ ስልክ ነው። የአደራ ስልክ ማለት የሚመርጠው አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ፣ የሚይዘው ሦስተኛ፣ የሚያማው ደግሞ ቤተ ዘመድ ሁሉ የሆነ ስልክ ነው። ምንጩ ይታወቃል። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠው ዘመድ አይፎን ከመርከብ ላይ እንደ ዓሣ ትኩሱን ይገዛል ብሎ ያምናል። ስልኩን እንዲያመጣ የታዘዘው ሹፌር የጫነው ማዳበሪያ እንደሆነና ስልኩን ከማንም ሰው እኩል ከሱቅ እንደሚገዛ ቢነግረውም አይሰማም። ‘አንተ ብቻ በሰላም ግባ እንጂ ስልኩ ምንም አይደል’ ይላል፤ ሁለት ትንፋሽ ሳይቆይ ደግሞ ‘ባለ 256ቱ ነው አይደል?’

የመጀመሪያው ፈተና ቀለም ነው። አፕል በ2023 እ.ኤ.አ. ናቹራል ታይታኒየም፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዴዘርት ታይታኒየም እያለ ስም አውጥቷል። ስልኩን ያዘዘችው አክስት ግን ታይታኒየም አታውቅም፤ የምታውቀው ቡላ፣ ዳማ፣ ግራጫና ‘ያ የወይዘሮዋ ልጅ የያዘችው’ ነው። ሹፌሩ በቪዲዮ ጥሪ ስልኮቹን ደርድሮ ያሳያል። የሱቁ መብራት ዳማውን ቡላ፣ ቡላውን አመድ ያስመስለዋል። ‘እትዬ፣ ይህ የበረሃ ቀለም የሚሉት ነው’ ቢላት ‘በረሃማ አንተው ጋ ሞልቶ የለ፤ ሌላ አሳየኝ’ ትለዋለች። ሰውየው ከአዋሽ እስከ ድንበሩ እስከ ጋላፊ፣ ከጋላፊ እስከ ባሕሩ ድረስ በረሃውን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ አቋርጦ ሲመጣ ያላጋጠመው ድካም እዚህ ኤሲ ሥር ያገኘዋል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ ዛሬ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ከ721 ሺኛ ነው፤ ትናንትም ያው ነበር። እንግዲህ የ1,000 ዶላር ስልክ 177,721 ፍራንክ ይመጣል። ትልቁ ኖት 10,000 ስለሆነ 18 ኖት ይበቃል፤ በሸሚዝ ኪስ ይያዛል። ያው ሒሳብ በብር ሲሆን፣ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ውጣ ውረድ ትተን ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ፣ ባለ 200 ኖት 500 ፍሬ ነው። ዘመድ ብሩን የላከው በደወለበት ቀን ምንዛሬ ነው፤ ሹፌሩ የሚገዛው በደረሰበት ቀን ምንዛሬ ነው፤ የመሐሉ ልዩነት የዝምድና ዋጋ ይባላል። መንገድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች ይህን ሁሉ በቃላቸው ያሰሉታል፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን ማስያ ሲከፍት ባዩት ሰው ላይ ይስቃሉ።

ሦስተኛው ካርቶን ነው። ዘመድ ስልኩ ‘ያልተከፈተ’ እንዲሆን ያዛል። ያልተከፈተ ስልክ ግን ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ባለ 15 አሐዝ መለያ ቁጥሩም ከካርቶኑ ጋር መስማማቱን ማየት አይቻልም። የተከፈተው ደግሞ ደህንነቱ ይታወቃል፤ ዘመድ ግን አሮጌ ነው ይላል። ኬላ ላይ ተቃራኒው ይሆናል፦ የታሸገው ንግድ ይመስላል፣ የተከፈተው የግል። በዚህም ምክንያት ስልኩ በኪስ፣ ካርቶኑ በፍራሽ ሥር ሆነው እንደተጣሉ ባልና ሚስት ተለያይተው ይጓዙና አዋሽ ላይ ይታረቃሉ።

ካርቶኑ ከታረቀና ከደረሰ በኋላ የሚነሳው ክርክር ነው የዚህ ወገን ዋና ምዕራፍ። አፕል በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. አይፎን 12ን ሲያወጣ ቻርጀሩንና የጆሮ ማዳመጫውን ከካርቶን ውስጥ አስወጣ፤ ለአካባቢ ጥበቃ ነው አለ። ካርቶኑም ቀጠነ። በዓለም ዙሪያ ይህ የዜና ጉዳይ ነበር። ከጋላፊ ወዲህ ግን የስም ጉዳይ ሆነ፤ ምክንያቱም ካርቶኑን ሲከፍት ቻርጀር ያጣ ዘመድ የሚጠረጥረው አንድ ድርጅት ሳይሆን ካርቶኑን ያመጣውን ሰው ነው።

ነገሩን ያባባሰችው ፈረንሳይ ናት። የፈረንሳይ ሕግ የጆሮ ማዳመጫ ከስልክ ጋር እንዲሸጥ ያስገድድ ስለነበር፣ ሕጉ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እስኪለወጥ ድረስ እዚያ የተሸጠ አይፎን ሙሉ ዕቃ ያለው መስሎ በካርቶን ውስጥ ካርቶን ሆኖ ይወጣ ነበር። ከነዚያ አንዱ የደረሰው ዘመድ ዛሬም በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፦ ‘የእሱ ሲመጣ እኮ ካርቶኑ ይህን ያህል ነበር’ ይባልና በእጅ ይለካል። እጁ በየዓመቱ ይሰፋል።

ክሱ በሦስት ዓይነት ይቀርባል። አንደኛው ግልጽ ክስ ነው፤ ‘ቻርጀሩስ?’ ይባላል፤ ቢያንስ መልስ ይቻላል። ሁለተኛው በእናት በኩል ይመጣል። እናት ደውላ ስለ ጤና፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጾሙ ትጠይቅና ‘ልጄ፣ የሰው ነገር ትንሽም ብትሆን አትበጅም’ ብላ ትዘጋለች። ሦስተኛው ምስጋና ነው፤ ይህ ይገድላል። ‘እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ቆንጆ ነው፤ ቻርጀሩን በሚቀጥለው ስትመጣ ይዘህልን ትመጣለህ።’ ለዚህ መከላከያ አልተገኘም። በአንድ ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጦ የካርቶኑ ጀርባ ተነቧል። በእንግሊዝኛ የተዘረዘረው ስልክ፣ ኬብልና ወረቀት ነው። ሽማግሌዎቹ ጽሑፉን ከመረመሩ በኋላ ቻርጀር የሚል ቃል አለመኖሩን አረጋግጠው፣ አለመጻፉ ራሱ ያጠራጥራል ብለው ተነሱ።

ጥናቱ ከዚህ ቀጥሎ ወደ ቀሪዎቹ ወገኖች ሊያልፍ ነበር። ካሜራ የሚባልም ነገር አለ። ነገር ግን የቻርጀሩ ጉዳይ ሳይቋጭ ማለፍ አልተቻለም፤ አሁንም አልተቋጨም፤ ስለዚህ ይቅር።

ሹፌሮቹ በበኩላቸው መላ መትተዋል። አሁን ልምድ ያለው ሹፌር ስልኩን ሲገዛ ከራሱ ኪስ ቻርጀር ለብቻው ይገዛል። ሁለት ክብ ጥርስ ያለውን መርጦ፣ ዋጋውን ለማንም ሳይናገር፣ ከካርቶኑ ጋር በላስቲክ አስሮ ያስረክባል። አክስት ትቀበልና ታገላብጠዋለች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ታየዋለች፣ ለልጇም ታሳያለች። ከዚያም ብይኑ ይሰጣል፦ ‘ኦሪጅናሉን ለራሱ አስቀርቶ ነው።’ የሹፌሩ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ሁለት ሲም ይይዛል፣ ባትሪ መብራት አለው፣ በ45 ዲግሪም ይጠራል። የሚሞላው መኪናው ላይ ካለው የሲጋራ መለኮሻ ነው።