ለጭላዳ ዋስ ጥሩ

በዘመኔ ዋስ የጠራሁት ለመሬት ክርክር፣ ለብድርና አንድ ጊዜ ሰው ማሳ ለገባ በሬ ነው። ለአሻንጉሊት ዋስ ጥሩ ሲባል የሰማሁት ግን ዘንድሮ ነው።

የልጅ ልጄ ከበግ ጠጉር ኮፍያና ትንንሽ ጭላዳ ትሠራለች። ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ ፈረንጅ አምቢኮ ሲያድር ኮፍያውን ገና ዋጋ ሳይጠይቅ አናቱ ላይ ይደፋል። ጠላችንንም ከነአተላው ይጠጣል። በጉ የማን ነው፣ ጠላው በምን ተጠነሰሰ ያለ አንድም የለ! ጀርመን ያለች አክስቷ «ላኪልኝ፣ ልሽጥልሽ» ስትላት ግን ያው ፈረንጅ በገዛ አገሩ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ኮፍያው እንኳ ቀላል ነው። ከምን እንደተሠራ የሚናገር ጨርቅ ይሰፋበታል። ከታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እዚያው አውሮፓ ተቀምጦ የሚጠየቅለት ከሌለው ገበያ አይወጣም። ይኼ ዋስ ካልሆነ ምንድን ነው? አክስቷ ትሁና።

እኔን ያንገበገበኝ ጭላዳው ነው። እነሱ 2009 በሚሉት ዓመት ባወጡት ሕግ አሻንጉሊት «ሲኢ» የሚባሉ ሁለት ፊደላት ካላረፉበት አይሸጥም፤ ቁመታቸውም ከ5 ሚሊ ሜትር አያንስም። ለዚያ የጭላዳው ዓይን ይፈተናል። ዓይኑ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ቁልፉን 9 ኪሎ በሚያህል ጉልበት 10 ሰከንድ ይጎትቱታል። 9 ኪሎ! የእኔ መንጋጋ የወለቀው ከዚያ ባነሰ ነው። ከወለቀ የሕፃን ጉሮሮ በሚያህል ቱቦ ይከቱታል፤ ሙሉ በሙሉ ከገባ ጭላዳው ወደቀ። ጠጉሩን እሳት ያስነኩታል፤ ነበልባሉ ከሮጠ ወደቀ። የደረቱ ቀይ ቀለም እርሳስ እንዳይኖርበት ደግሞ ላቦራቶሪ ይገባል። እውነተኛው ጭላዳ ገብሳችንን ሲግጥ ማንም አልፈተነው፤ ጭራሽ ፓርክ ተከልሎለት ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ አልፎ «ደኅና ነው» ብሎ የሚፈርመው ማን መሰላችሁ? መለኪያውን ጠብቃ ከሠራች ራሷ ናት! እኛ ዘንድ ባለጉዳይ ለራሱ ሲመሰክር ይሳቅበት ነበር። ወረቀቱንም 10 ዓመት አስቀምጪ ተባለች፤ አይጥ የመሬት ደብተሬን በሁለት ክረምት በበላበት ቤት። የሠሪው አድራሻ ይጻፍ ሲሉ «ከመሸሃ ወንዝ ማዶ፣ ዳገቱ ሲያልቅ» በይ አልኳት፤ ሳቀችብኝ።

ደግሞ እኮ ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። ደባርቅ ገበያ የገዛሁት የእጅ ባትሪ ቂጡ ላይ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ዓይኑ ጠፋ። እሱን ማን ጎተተው?

አልዋሽም፤ ታናሹ ልጄ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ወትፎ በበቅሎ ደባርቅ ድረስ የወሰድንበት መንገድ ዛሬም አይረሳኝም። ስለዚህ ቁልፉን ስትነቅል ዝም አልኩ። አሁን ዓይኑን በጥቁር ክር ጠልፋዋለች።

ትናንት ማታ «አባባ፣ እስኪ ይጎትቱት» ብላ ሰጠችኝ። ጆሮውን በአንድ እጄ ጨበጥኩ፤ ዓይኑን በወረንጦ ያዝኩና እግሬን ምሰሶው ላይ ተክዬ ሳብኩ። ዓይኑ ንቅንቅ አላለም። ጆሮው እጄ ላይ ቀረ።

እስካሁን አኩርፋኛለች። ምን ላድርግ፣ ጎትቱ ያሉት እነሱ ናቸው።