ድሮ ውሸቱም ብር ነበር

እንዲያው እኩዮቼ፣ የዘንድሮ ቅርሳቅርስ ነጋዴ አይገርማችሁም? በቀደም ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ኦሪጅናል ጠገራ!» ብሎ አስቆመኝ። ፋዘር! ተቀብዬ በመዳፌ ብመዝናት ክብደት የላት፤ ድንጋይ ላይ ብጥላት ድምፅ የላት። የእኛይቱ ማሪያ ቴሬዛ 28 ግራም የምትመዝን፣ ስትወድቅ የምታቃጭል እመቤት ነበረች። እርግጥ ቪየና ብትመታም 1780፣ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ ሮም ላይ ቢያስመታትም 1780፣ ለንደንና ቦምቤይም ያው 1780 ነው የተጻፈባት። ዘመኗን ትዋሽ ይሆናል፤ ብሯ ግን ብር ነው። ውሸታችን እንኳ እንዲህ ሐቀኛ ነበር!

በእኛ ጊዜ ንግድ በመተማመን ነበር። ሰኔና ሐምሌ ጎተራው ሲራገፍ ወደ ገጠር ብቅ ካልን፣ ባላገሩ አልቦውን፣ ድሪውን፣ የአንገት መስቀሉን ይዞ ራሱ ይመጣል። ዋጋ ንገረን ብለን አናስጨንቀውም፤ የሰጠነውን ይቀበላል። አዝመራው ባማረ ዓመት ግን «የእናቴ ማስታወሻ ነው፣ አልሸጥም» የሚል ይበዛል። ስግብግብ መቼም በየዘመኑ አይጠፋ።

ጅማ ላይ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ በሁለት የፕላስቲክ ጆግ ለውጬ፣ ባለቤቷ እናት መርቀው ሸኝተውኛል። አዲስ አበባ ስትገባ ዋጋዋ አደገ፤ ሆቴል በር ላይ ፈረንጅ ሲያያት ደግሞ ዕድሜዋም አብሮ አደገ። እኔ «የአባ ጅፋር አገር በርጩማ ናት» ነው ያልኩት። «አገር» የምትለዋን ፈረንጁ ካልሰማ ጥፋቱ የማን ነው?

የዛሬዎቹ ግን ጥድፊያ ገደላቸው! ብራናውን ሻይ ውስጥ ነክረው በማግስቱ «የጎንደር ዘመን» ይሉታል። እኛ ማጀት ጣሪያ ሥር ሰቅለን ክረምቱን ሙሉ በኩበት ጭስ ነበር የምናስረጀው። ሥራ ማለት እሱ ነው።

መርካቶ ያለው ነጋዴ ይሻላል ይሉኛል። ጨዋ ሆኖ መሰላችሁ? የተታለለው ገዢ ነገ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ስለሚመጣበት ነው። ላሊበላ ላይ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሁለት ሰዓት ለቀረው ቱሪስት የሚሸጠውን ግን ምን ያስፈራዋል? በኋላ ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ፈረንጁ ጠፋ፤ ነጋዴው የሚዋሸው ሰው ቢያጣ ወደ እኛ ዞረ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ሐበሻ ለሐበሻ በዶላር ይጠራል! ነውር ነው። እኔ እንኳ የቀረችኝን ጋሻ ለዘመድ ካልሆነ በዶላር አልጠራም፤ ዘመድ ያልኩትም አሜሪካ ያለውን ነው።

ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ዕቃ ከአገር አይውጣ መባሉ፣ እሱስ ደግ ነው። አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ በስንት መከራ የተመለሰ አይደለም? ሌባውን አጥብቃችሁ ፈትሹ። የእኔን ሻንጣ መበርበር ግን ምን ይሉታል?

ወገኖቼ፣ ገጠር ዘመድ ካላችሁና አልቦ የሚሸጥ ከሆነ፣ አደራ፣ ለእነዚህ ቀጣፊዎች አታስነኩት። ወደ እኔ ላኩልኝ፤ ዋጋውንም ለእኔ ተዉት።