ሐተታ ዘኮመንት፦ በእንተ ደምሩኝ

የቀደሙት ሊቃውንት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ከዋክብት ዑደትና ስለ ዕፅዋት ፈውስ ብዙ ጽፈውልናል። ስለ ዩቲዩብ ኮመንት ግን አንዲት መስመር እንኳ ሳይተዉልን አልፈዋል። ይህ ታላቅ የዕውቀት ክፍተት ትውልዱን ሲያንገላታ ዝም ብለን ማየት ስላልቻልን፣ ማንም ሳይጠይቀንና ማንም ሳይፈቅድልን ይህን ሐተታ አዘጋጅተናል።

በቅድሚያ ታሪኩን እንበል። የዩቲዩብ የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም በሳንዲያጎ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ፣ ኩምቢያቸው ረጅም መሆኑን በ19 ሰከንድ መስክሮ ወረደ። በ2006 ዓ.ም. ጉግል «ኮመንት መስጠት የሚሻ የጉግል ፕላስ አካውንት ያምጣ» የሚል አዋጅ ሲያወጣ፣ ይኸው ሰው በገዛ ቻናሉ ላይ ስድብ የተቀላቀለበት ተቃውሞ ጻፈ። ሕዝቡም አብሮት ጮኸ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አዋጁ ተሻረ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰው ቪዲዮውን ቢነኩበት ይታገሣል፤ ኮመንቱን ከነኩበት ግን መሥራቹም ቢሆን አይምርም።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። በማናቸውም የአማርኛ ቪዲዮ ሥር የሚገኘው የታወቀው ንባብ እንዲህ ይላል፦ «የኔ ማር ቪዲዮሽን ወድጄዋለሁ፣ እኔም ጀማሪ ነኝ፣ በቅንነት ደምሪኝ፣ ደምሬሻለሁ።»

ትርጓሜ። «ቪዲዮሽን ወድጄዋለሁ» አለች፤ አላየችውም። ምነው ቢሉ፣ ቪዲዮው 14 ደቂቃ ነው፤ ኮመንቱ የተጻፈው ግን ቪዲዮው በተለቀቀ በ40 ሰከንድ ነውና። አንድም አይታለች፤ ተምኔሉን። «እኔም ጀማሪ ነኝ» አለች፤ ቦ ዘይቤ እውነቷን ነው፤ ቦ ዘይቤ የዛሬ ሦስት ዓመትም ጀማሪ ነበረች። «በቅንነት» አለች፤ ያልኩሽን ሳትጠይቂ አድርጊ ስትል ነው። «ደምሬሻለሁ» አለች፤ ሰብስክራይብ አድርጌሻለሁ ስትል ነው፤ ሐተታ፦ ምስክር የለም። አንድም ጠዋት ደምራ ማታ ቀንሳለች።

ከዚህ ንባብ በታች የሚሰለፉት አናሳ ነገዶች ናቸው። «አንደኛ ነኝ» ባዩ አለ፤ ሽልማቱ ምን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። «እንደኔ ኮመንት ለማንበብ የመጣ ላይክ» ባዩም አለ፤ እርሱ ቢያንስ አይዋሽም።

ይሁንና በ«ደምሩኝ» ሥርዓት ላይ እንደልብ መሳቅ ለሊቅነታችን አይመጥንም። ይህን ሥርዓት አጽንተው ከያዙት መካከል በሳዑዲ፣ በኩዌት፣ በዱባይና በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አሉበት። የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ስልኳን ከውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትቀርጽ ሴት አንድ ሰብስክራይበር ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በላይ ታውቃለች። የሚያሳዝነው ድካሟ የሚፈስበት ቦታ ነው። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ዩቲዩብ የሚጠይቀው 1000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4000 የእይታ ሰዓት ነው። (በአጫጭር ቪዲዮ ለሚመጣ ሌላ በር አለ፤ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ይላል። በሩን አሳይተናል፤ መግባቱ የራሳችሁ ነው።) 1000ውን በ«ደምሩኝ» መሙላት ይቻላል እንበል። 4000 ሰዓት ግን 240,000 ደቂቃ ነው። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ላላት ሴት ቪዲዮዋ ከዳር እስከ ዳር 24,000 ጊዜ መታየት አለበት ማለት ነው። ይህን ማን ያይላታል? ደማሪዎቿማ ሌላ ቪዲዮ ሥር «ደምሩኝ» እየጻፉ ነው። በዚያ ላይ ዩቲዩብ እንዲህ ያለውን የ«ደምሪኝ ልደምርሽ» ውል የሐሰት ተሳትፎ ብሎ በደንቡ ከልክሎታል። አንድ ዓይነት ጽሑፍ በየቪዲዮው ሥር የምትለጥፍም ኮመንቷ እንደ ስፓም ሊሰወርባት ይችላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ወዴት ነው ቢሉ፣ ሽሮ ውስጥ ነው። አንዲት ባለ ቻናል ሽሮ ሠርታ አሳየች እንበል። አንዷ ተመልካች «የኔ ሁሌ ይጓጉላል፣ ለምን ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ሰነፍ ባለ ቻናል የልብ ምልክት ሰጥታ ታልፋለች። ብልኋ ግን «ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ ከዚያ ወደ ቁሌቱ ጨምሪው» ብላ ትመልሳለች። ለጠያቂዋ ኖቲፊኬሽን ይደርሳታል፤ ተመልሳ ትመጣለች፤ ሞክራም «ተሳካልኝ» ትላለች። ባለ ቻናሏ ያንን ፒን ታደርገዋለች። ቀጣዩ ተመልካች መጀመሪያ የሚያነበው እርሱን ነው፤ ከየትኛውም «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» ይልቅ የሚያሳምነውም እርሱ ነው።

ጥያቄም በዓይነቱ ነው። «ከየት ሆናችሁ ነው የምታዩኝ?» የሚለው የሚያስገኘው የጂኦግራፊ መልስ ነው፤ ሁሉም አገሩን ጠርቶ ይሄዳል። «በእናንተ ቤት ሽሮ ላይ ኮረሪማ ይገባል ወይስ አይገባም?» ብላ ብትጠይቅ ግን ጦርነት ይነሣል። አንዱ እናቱን ምስክር ይጠራል፤ ሌላዋ አያቷን፤ ሦስተኛው ቪዲዮውን መልሶ ያየዋል፣ ኮረሪማዋ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባች ለማረጋገጥ። የእይታ ሰዓት የሚሰበሰበው ከእንዲህ ያለው ጠብ ነው።

በሰው ቻናል ሥር ሲጻፍም ስለ ራስ ቻናል ማውራት አያስፈልግም። ሌላው ተመልካች ያላየውን ነገር የሚያሳይ አንድ ደህና አስተያየት ጻፉ፤ ስማችሁና ፎቶአችሁ ከጎኑ አለ። የፈለገ ይጫነዋል፤ ቻናላችሁንም ያገኛል። ሊንክ የለጠፈ ግን ኮመንቱ ማጣሪያው ላይ ሊቀር ይችላል፤ ባለቤቷም ታግደዋለች፤ መብቷ ነው።

ስለዚህ ይህ አንድ አባል ብቻ ያለው ጉባኤያችን በሙሉ ድምፅ ወስኗል፦ ከዛሬ ጀምሮ በሰው ቪዲዮ ሥር «ደምሩኝ» ብሎ የሚጽፍ ማንም ሰው፣ አስቀድሞ ያንን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ያያል፤ ስለ አንዲት ነገሩም ይጠይቃል። እናንተም አንባቢዎች፣ ዛሬ ማታ አንዷ ጀማሪ ጥያቄ ጠይቃ ካያችሁ መልሱላት።