ራሱ ተማሪ፥ ራሱ ምስክር

በቀድሞው ዘመን ቅኔ ሊማር ከቤቱ የወጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ፥ ውሻ እያባረረው፥ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ሲዘዋወር ዓመታት ያልፉበት ነበር፤ መምህሩ ቅኔውን ሰምተው «ይበል» እስኪሉትም ድረስ ተምሬአለሁ ብሎ መናገር ነውር ነበር። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ እንደ ነበረ በእኛ ዘመን ተገልጧል፤ የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ በተባለው መርሐ ግብሩ ወጪውን እየቻለ የሚያካሂደው የወጣቶች ልውውጥ፥ የመንገዱ ቀን ሳይቈጠር ቢያንስ በ5፥ ቢበዛ በ21 ቀን፥ ዕድሜው ከ13 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ሁሉ የዓለም ዜጋ አድርጎ ይሸኛልና።

ከዚህ በረከት ከባሕር ማዶ የመጣ ተማሪም አልተከለከለም። ሥርዓቱ የሚጠይቀው መኖሪያን እንጂ ትውልድን ስላይደለ፥ በሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቡዳፔስት የሚማረው የሀገራችን ልጅ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ከሃንጋሪዎቹ ቡድን ጋራ ወደ ደቡብ ኢጣልያ ይዘምታል፤ «የባህል ምሽት» በተባለው በዓል ላይም፥ ቀይ፥ ነጭና አረንጓዴ ሰንደቅ ከተሰቀለበት ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ፥ ፓሊንካ እየቀዳ፥ ፓፕሪካ እያስቀመሰ፥ ቻርዳሽ ስለሚባለው ጭፈራ ለቱርኮችና ለፖርቱጋሎች ያብራራል። ከሃንጋሪ ቋንቋ የሚያውቀው «ኮሶኖም» የሚለውን የምስጋና ቃል ብቻ መሆኑ ለዚህ ሢመት እንቅፋት አይሆንበትም፤ የቡዳፔስት ተወላጅ የሆነችው የቡድኑ መሪ እንኳ እርሱ ሲናገር በአድናቆት ራሷን ትነቀንቃለች።

ማለዳ ማለዳ ሁሉም ክብ ሠርተው፥ ስማቸውን ከአንዳች የሰውነት እንቅስቃሴ ጋራ እያጣመሩ እየጠሩ ይዘላሉ፥ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያም ተስፋቸውንና ፍርሃታቸውን በቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። (ከፍርሃቶቹ ሁሉ ምግቡ ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።) ከቀትር በኋላ በትልቅ ወረቀት ላይ መቻቻልን በሥዕል ይገልጻሉ፤ ያረፉበትን መንደር ሰዎች ግን፥ መርሐ ግብሩ ጊዜ ስለማይሰጥ፥ በአውቶቡስ መስኮት ባርከዋቸው ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ፍጻሜው ነው። ዩዝፓስ የተባለው የምስክር ወረቀት 8 ዋና ዋና ክሂሎችን ይዘረዝራል፤ ከየክሂሉ ምን እንደ ቀሰመ የሚመሰክረውም፥ መርማሪውንም ዳኛውንም ከማድከም ሁሉን በአንድ ሰው መጠቅለል ይሻላል ተብሎ ይመስላል፥ ተማሪው ራሱ ነው። ስለ ሒሳብና ስለ ሳይንስ ከሚጠይቀው መስመር ሲደርስ ልጃችን ጥቂት ያመነታል፤ ኋላ ግን የፒዛውን ዋጋ ለ6 ሰው ማካፈሉ ትዝ ይለውና፥ «በብዝኃ ባህል ማኅበር መካከል የገንዘብ አስተዳደር ልምድ አካብቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ስለ ጥበቡ የራሱ ቃል የታመነለት ይህ ሊቅ፥ ስለ ባቡር ቲኬቱ ግን አይታመንም፤ ደረሰኙንና የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀቱን ካላቀረበ የመንገድ ገንዘቡ አይመለስለትም።

አሁን ወደ ሊትዌንያ ለሚደረገው ልውውጥ ተመዝግቧል፤ ፓሊንካውንም ገዝቶ አስቀምጧል። ደስታው ጎዶሎ የሆነው በስታቲስቲክስ መምህሩ ምክንያት ብቻ ነው፤ እኚህ ዘመን ያለፈባቸው ሰው ዛሬም የፈተናውን ወረቀት ራሳቸው ካላረሙ፥ ውጤቱንም ራሳቸው ካልጻፉ አይሆንም ባይ ናቸው።