ባዘቶው የጋራ፣ ፍሬው የኔ

ኧረ እናንተዬ፣ ይህ የፈትል ወንፈል መረረኝ። ዛሬ በኔ ቤት፣ ነገ በእትዬ እገሊት፣ ከነገ ወዲያ ታች ሰፈር እየተባለ ዓለም ከተማ ውስጥ እንዝርት ይዞ መዞር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሲታሰብ ደግ ነገር ነበር። ሁላችን የአቅማችንን ጥጥ እናመጣለን፣ አንድ ሰፌድ ላይ እናፈሳለን፣ አብረን እንነድፋለን፣ አመልማሎውን ተካፍለን እንፈትላለን። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ስንት ልቃቂት እንደሚበላ የፈተለች ታውቀዋለች። ለብቻ ቁጭ ብሎ እሱን መጨረስ የሚያስለቅስ ነው።

ግን የሚመጣውን ጥጥ እዩልኝ። ጥጡ ከመተማም ይምጣ ከአዋሽ፣ የጀማን ገደል ወጥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ዋጋው ከገደሉ በላይ ይወጣል። እኔ በዚያ ዋጋ ገዝቼ፣ ድንጋዩ ላይ በመዳመጫው ብረት እያንከባለልኩ፣ ፍሬውን አውጥቼ፣ ወገቤን ይዤ እመጣለሁ። ሌላዋ ከነፍሬው፣ ከነቅጠሉ ጠቅልላ ትመጣና «ያው የጋራ አይደል» ትላለች። አዎ፣ የጋራ ነው። ደጋኑ ሲመታ ፍሬው ይደቅና ከባዘቶው ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም። ክሩ የተደቀቀው ፍሬ ጋ ሲደርስ ብጥስ ይላል። እንዝርቴ መሬት ወድቃ ስትንከባለል ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው እኔን ነው፣ መፍተል የማልችል ይመስል።

ክፍፍሉስ ቢሆን? በዓይን ነው። የማን ዓይን? ሰፌዱን የያዘችዋ! ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ኖባ ላይ ሲዘምት የእህሉንና የጥጡን ክምችት እንዳጠፋ በድንጋይ አስቀርጿል። እሱ ቢያንስ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሏል። የኛ ሰፌድ ሲጎድል ግን ያየ የለም፣ የሰማ የለም።

አቦል ሲቀዳ ደርሳ፣ በረካ ተጠጥቶ የምትነሣም አለች። «እንዝርቴን ረሳሁት» ትላለች፤ ስኒዋን ግን ረስታ አታውቅም። ቅቤ የጠጣ ራሷን አክካ በዚያው ጣት ባዘቶ የምታገላብጠውንስ ምን ልበላት? በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እናቴ ናት ብዬ ዝም ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሸማኔው ዘንድ ስንደርስ ነው። ድሩን እንደሆነ ከፋብሪካ መግዛት ከለመድን ቆየን፤ የእጅ ፈትል የቀረው ለማጉ ነው። በዚያችው በቀረችው ላይ የኔ ቀጭን ክር ከእገሊት ወፍራም ገመድ ጋር አንድ ጋቢ ውስጥ ይገባል። ሸማኔው ቀሰሙን አገላብጦ አይቶ «ይቺ ማግ ናት ወይስ የጆንያ መስፊያ?» አለኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ያለው ሰው የኛን ማግ አላየም።

አንዳንዴ በመንዞች እቀና ነበር። እነሱ የሚፈትሉት የበግ ጠጉር ነው፣ ለባናና ለበርኖስ፤ ፍሬ የሚባል ነገር የለውም ብዬ። ይህንኑ ለአንዲት የመሐል ሜዳ ሴት ብነግራት ከት ብላ ሳቀችብኝ። «ጭጎጎቱን ማን ሊለቅምልሽ ነው?» አለችኝ። እነሱም ሰፌድ ከብበው እንደኛው ይነታረካሉ ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ተዪው ትሉኝ ይሆናል። ትቼው ነበር፣ ሁለት ሳምንት። ብቻዬን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስፈትል ልቃቂቷ አላድግ አለችኝ፤ ወሬም የለ፣ ሳቅም የለ። ተመለስኩ።

የፊታችን ሐሙስ ተራው የኔ ነው። ቡናውም ቆሎውም አለ። እንዝርታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጥጡን ግን በእመቤቴ፣ ቤታችሁ ዳምጣችሁ አምጡልኝ።